ለማሽላ ዘር መዝገብ፣ ለመርሳ ልጅ ሃያ ደቂቃ

በየዓመቱ ትዕይንቱ አንድ ነው። አንድ ክለብ ወይም አንድ የታዳጊ ፕሮጀክት «ሙከራ አለ» ብሎ ያስነግራል። ወሬው በቴሌግራም ይዞራል፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ይለጠፋል፣ የቀረው በአፍ ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከግራና፣ ከስሪንቃ የተነሱ ልጆች ወልድያ ይደርሳሉ፤ ገሚሱ በሚኒባስ፣ ገሚሱ የጭነት መኪና ሹፌር ለምኖ። ታኬታ ያለው በታኬታው ይገባል፤ የሌለው ጓደኛው እስኪወጣ ጠብቆ ይዋሳል። ሰማንያ ልጅ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ ፊሽካ ይዟል፣ ሌላው ስልክ። ሃያ ደቂቃ የደረሰው ዕድለኛ ነው። ኳስ ሦስት ጊዜ ብቻ ነክቶ የሚወጣም አለ። ከዚያ ጣት ይቀሰራል፦ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ ረጅሙ።» ለቀሩት «አብሽሩ፣ እንደውላለን» ይባላል። ስልክ ቁጥራቸውን ግን የጻፈ ሰው የለም።

ስለ ምልመላ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ክስ ዝምድና ነው። የአሰልጣኙ የእህት ልጅ ገባ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ደወለ፣ ብር ተበላ። ይህ የለም ብሎ የሚከራከር ደፋር አይገኝም። ነገር ግን ነገ ጠዋት ዝምድና ከሰሜን ወሎ ሜዳዎች ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ምልመላው ያው ይሆናል። እጁ ንጹህ የሆነው መራጭም ቢሆን የመረጠውን ልጅ ለምን እንደመረጠው አይጽፍም፤ የጣለውንም ለምን እንደጣለው አይጽፍም። ከሦስት ዓመት በኋላ «የመረጥካቸው ሃያ ልጆች የት ደረሱ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም ዝርዝር የለውም። ዝርዝር የሌለው ሰው ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። ከመረጣቸው አንዱ ከተሳካለት «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይላል። የጣለው ልጅ ሌላ ቦታ ከበቀለ «ያኔ ልጁ ገና አልደረሰም ነበር» ይላል። በዚህ ሒሳብ ሁልጊዜ ትክክል ነው።

የሚያስገርመው፣ እዚያው ሐብሩ ውስጥ፣ እዚያው አስፋልት ዳር፣ ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ተቋም መኖሩ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ ስሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሥራው መምረጥ ነው። አንድ የማሽላ ዝርያ ለገበሬ የሚለቀቀው በአንድ ማሳ ላይ አንድ ቀን ታይቶ አይደለም። ከብዙዎች መካከል ተጣርቶ፣ የአየር ጠባያቸው በተለያየ ቦታዎች፣ ቢያንስ ለሁለት የምርት ዘመን፣ ከታወቀ መወዳደሪያ ዝርያ ጎን ይዘራል። የበቀለበት ቀን፣ ያበበበት ቀን፣ ቁመቱ፣ የፍሬው ክብደት፣ ዝናብ ሲቆምበት የሆነው፣ አቀንጭራ ሲወርረው ያሳየው ሁሉ በየመደቡ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያም ገበሬው ማሳ ላይ ይረጋገጣል፤ ዝርያውን ካወጣው ተመራማሪ ውጭ የሆነ ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል። ስም የሚወጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግራና-1 የሚባል የማሽላ ዝርያ አለ፤ ስሙ የሐብሩዋ ግራና ስም ነው። የግራና ማሽላ መዝገብ አለው። የግራና ልጅ የለውም።

ገበሬውም ቢሆን ከተመራማሪው የሚያንስ ዕውቀት የለውም። የሐብሩ አርሶ አደር በሚያዝያ የዘራውን ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ማሽላ፣ ደገሌቱን ይሁን ጅጉርቲውን፣ ሐምሌ ላይ ከጎኑ ካለው ቶሎ ደራሽ ጋር አስተያይቶ «ይኼ አጠረ» ብሎ አይነቅለውም። ዝናቡ ከሰጠ የዘገየው አገዳ የሚሰጠው ምርት እንደሚበልጥ ከአባቱ ተምሯል። ልጁ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሕግ ይሠራል። በ14 ዓመቱ፣ ገና ሐምሌ ላይ፣ አንድ ፊሽካ የያዘ ሰው ይነቅልበታል።

እዚህ ላይ ነው «ተክለ ሰውነት» የሚባለው ቃል የሚገባው። በአገሪቱ የስፖርት ወሬ ውስጥ እንደዚህ ቃል የተበደለም፣ የበደለም የለም። ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት በሬዲዮ የሚሰማው እሱ ነው፦ «በኳስ አልተበለጥንም፤ በተክለ ሰውነት ነው።» እስቲ ጥር 2005ን አስታውሱ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅታ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ አንድ ለአንድ ወጣች፤ አገር ጉድ አለ። በቀጣዩ ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈ። ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ የገቡት የቡርኪና ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ ነው። አሥር ሰው የቀረው ቡድን ሦስት ጎል ያስቆጠረው በአጥንት ውፍረት አልነበረም፤ ቦታ አያያዝን፣ ጊዜን፣ መቼ መሮጥና መቼ መቆም እንደሚገባ በማወቅ ነበር። ይህ ደግሞ ከልጅነት የሚሠራ ነው። ማግስቱን ግን ወሬው ስለ ቁመት ሆነ። ከቁመት ወሬው በኋላ በየወረዳው ያለ መራጭ ምን ይፈልጋል? ረጅም ልጅ።

ረጅሙ የ14 ዓመት ልጅ ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የጎረመሰው ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ወንዶች ልጆች በዚህ ዕድሜ የአጥንታቸው ብስለት በሦስትና በአራት ዓመት ሊለያይ ይችላል። ቀድሞ የጎረመሰው ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ከመሀል ሜዳ ጎል ይመታል፤ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ትንሹ ደግሞ በጉልበት ስለማይችል በጭንቅላቱ መጫወት ይማራል፤ ኳስ ሳይደርሰው ያያል፣ በአንድ ንክኪ ያቀብላል። ይህን ለማየት ግን ሃያ ደቂቃ አይበቃም። በ19 ዓመታቸው ቁመታቸው ሲስተካከል ጭንቅላቱን የሠራው ይበልጣል። ግን የት አለ? በ14 ዓመቱ ተነቅሏል። ባጃጅ እየነዳ ይሆናል፤ ወይም በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው።

የቴሌቪዥን ኳስ ለሚያይ ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ «ትንሽ ነው» ብሎ አሰናበተው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። አንትዋን ግሪዝማንን የፈረንሳይ ክለቦች በቁመቱ ምክንያት ተራ በተራ መለሱት፤ በ14 ዓመቱ ወደ ስፔን ተሻግሮ አደገና በ2018 ለፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ኮከብ ምርጫ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሜሲ፣ ኢኒየስታና ዣቪ ነበሩ፤ ሦስቱም ከአንድ የባርሴሎና ታዳጊ ቤት የወጡ፣ ሦስቱም በቁመት ከመርሳ ሜዳ ልጅ የማይለዩ። ወልድያ ካፌ ውስጥ እነዚህን ስሞች በቃሉ የማይጠራ ወጣት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ የያዘውም ሰው ማታ ማታ የሚያደንቃቸው እነሱን ነው። ጠዋት ግን «አንተ ረጅሙ» ይላል።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገር እዚህ ላይ አለ። ዓለም አቀፉ የዕድሜ መቁረጫ በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ገደማ። በጥር የተወለደ ልጅና በተከታዩ ኅዳር የተወለደ ልጅ በአንድ የዕድሜ ክልል ይጫወታሉ፤ ታላቅየው አሥር ወር ይበልጣል። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ ሮጀር ባርንስሌይ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ተጫዋቾቹ በመጀመሪያዎቹ የዓመቱ ወራት በተወለዱት ላይ በግልጽ ያጋደሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ያው ነገር በእግር ኳስም በብዙ አገሮች ታይቷል። አሥር ወር ይህን ካደረገ፣ የልደት ቀኑ በግምት በተሞላበት አገር ሦስት ዓመት ምን ያደርጋል?

ወደ ዕድሜ ጉዳይ ያመጣናል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይስቅበታል። አንድ ተጫዋች «ስንት ዓመትህ ነው?» ሲባል «የቱን ልንገርህ፣ የቤቱን ወይስ የኳሱን?» ይላል። ቀልዱ የሚጎዳው አንድ ሰው አለ፤ በእውነት 15 ዓመት የሆነው ልጅ። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የ20 ዓመት ጎረምሳ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይገፋዋል፣ ይወድቃል፤ መራጩ «ጉልበት የለውም» ብሎ ይጥለዋል። የተሰረቀው የእሱ ቦታ ነው። ይህ የኢትዮጵያ በሽታ ብቻ አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ መመርመር ሲጀምር አስተናጋጇ ናይጄሪያ 15 ተጫዋቾቿን ከዝግጅት ማሰናበቷ ተዘግቧል። ካሜሩን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከ30 ታዳጊዎቿ 21ዱ በምርመራው ወድቀው ቡድኗን እንደ አዲስ መሰብሰብ ነበረባት። እነዚያ 21 የያዙት ቦታ የሃያ አንድ እውነተኛ ታዳጊዎች ነበር።

ሰሜን ወሎ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ማነው ቢባል ወላጅን መክሰስ ቀላል ነው። ዋናው ምክንያት ግን የታዳጊ አሰልጣኙ የሚመዘንበት መለኪያ ነው። አለቃው «ስንት ልጅ አሳደግህ?» አይለውም፤ «ዋንጫ አመጣህ ወይ?» ይለዋል። ዋንጫ የሚመጣው በትልልቅ ልጆች ነው። ስለዚህ ትልልቅ ልጆች ይፈልጋል፤ ዕድሜያቸው ወረቀት ላይ ይቀነሳል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ሪፖርት ይላካል። ከሁለት ዓመት በኋላ «ታዳጊዎቹ» 23 ዓመት ሞልቷቸው ይጠፋሉ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

የልደት ምዝገባ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ያኔ ተወልዶ የተመዘገበ ልጅ በ2023 ዓ.ም. 15 ይሞላዋል። ከዚያ ትውልድ ጀምሮ እውነተኛ ቀን ይዞ ወደ ሜዳ የሚመጣ ልጅ ይኖራል ማለት ነው። ወረቀቱን «አምጣ» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ግን ምዝገባው ለኳስ ሜዳው እንዳልነበረ ነው።

መጻፍ መራጩን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ከወሎ በጣም ራቅ ያለ ቦታ መመልከት ያስፈልጋል፤ አውስትራሊያን። እዚያ በሞላላ ኳስ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። 18 ክለቦች አሉ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ወጣቶች የሚከፋፈሉት «ድራፍት» በሚባል ሥርዓት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ይለካሉ፦ ሃያ ሜትር ሩጫ፣ ዝላይ፣ የሁለት ኪሎ ሜትር ሰዓት። ይህ ሁሉ ያስቀናል፤ ከሁሉ የሚያስቀናው ግን ሌላ ነው። ከምርጫው ቀን ወራት ቀደም ብሎ ጋዜጠኛውም፣ ደጋፊውም፣ ጡረታ የወጣው አሰልጣኝም የየራሱን የግምት ድራፍት ያወጣል። እገሌ አንደኛ፣ እገሌ ሁለተኛ፣ በዚህ ምክንያት፣ በዚህ ድክመት ብሎ በስሙ ይጽፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም ሰው ያን ዝርዝር አውጥቶ «አንተ እኮ አንደኛ ያልከው ልጅ ጠፋ፤ አርባኛ ያልከው ኮከብ ሆነ» ሊለው ይችላል። እና ይለዋል! ያለ ርኅራኄ።

እነሱም ይሳሳታሉ። ጄምስ ኸርድ በ1990 ድራፍት የተጠራው 79ኛ ሆኖ ነው። ሰባ ስምንት ስሞች ቀደሙት። በ1996 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ ተጋራ፤ በ2000 አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሳ። ስህተቱ ግን ቁጥር አለው፤ 79 ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ቁጥር ምክንያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ምን አይተን ነው ያለፍነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። በወልድያ ሜዳ 79ኛ የሆነው ልጅ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ስህተቱም አልተፈጸመም።

«የአውስትራሊያን ሥርዓት ወደ ሐብሩ እናምጣ» የሚል ሰው የለም። ገንዘቡ የለም፣ ሊጉ የለም። ዝርዝር ለመጻፍ ግን ሊግ አያስፈልግም። እንዲያውም የሰፈሩ ኳስ አፍቃሪ ይህን ቀድሞ ማድረግ ይችላል። መርሳ ላይ የክረምት ውድድር የሚከታተል፣ የእያንዳንዱን ልጅ እግር ከአባቱ በላይ የሚያውቅ ሽማግሌም ጎረምሳም አለ። አሥር ስም ከነምክንያቱ ጽፎ ከምልመላው በፊት ይለጥፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእሱ ዝርዝርና የክለቡ ዝርዝር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ማን እንደሚያፍር ያኔ ይታያል።

ወልድያ ያላት ስታዲየም ነው። በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የሚጠራው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው፣ ጥር 2009 የተመረቀው። በወቅቱ ከአዲስ አበባ ውጭ እንዲህ ያለ ሜዳ ማየት ብርቅ ነበር፤ ከተማዋም ኮራች፣ ልትኮራም ይገባል። ክለቡ በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወረደ፤ በ2009 ተመለሰ፤ በ2010 መጨረሻ ዳግም ወረደ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ የመውረድ ምሥጢር አይደለም። የአገሪቱ ክለቦች አብዛኞቹ እንደሚያደርጉት ነው፦ በክረምት ከሌላ ክለብ የተሰናበተ ተጫዋች በውድ ይፈረማል፣ ደመወዙ ከከተማው ካዝና ይወጣል፣ ሲወረድ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የደመወዙ ነገር ስላስመረራቸው ነው በ2011 ክረምት ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ የወር ጣሪያው 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው የተስማሙት። አንድ ተጫዋች በዓመት በሚወስደው ገንዘብ በሐብሩና በወልድያ ስንት የታዳጊ አሰልጣኝ አበል ይከፈል ነበር? ማንም ከተማ ምክር ቤት ላይ ይህን ጠይቆ መልስ ሲሰጠው አልተሰማም። ባዶውን ወንበር የሚሞላ ልጅ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት መርሳ ላይ በባዶ እግሩ እየተጫወተ፣ ወንበሩ ግን ሌላ አገር ያደገ ተጫዋች ይጠብቃል።

እዚህ ላይ «በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ችግር መሀል ስለ ኳስ?» የሚል ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወልድያና ሐብሩ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ውስጥ ምን እንዳዩ የሚነገራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ግን ምልመላው ይበልጥ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ይዘጋል፤ ልጁ የሚታይበት ብቸኛ መስኮት እሱ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ከሩቅ የሚመጣ መራጭ አይመጣም። እንግዲህ ልጁን ማየትም መጻፍም የሚችለው እዚያው ያለ ሰው ነው፦ የስፖርት መምህሩ፣ የወረዳው ባለሙያ፣ የፕሮጀክቱ አሰልጣኝ። በ13 ዓመቱ የተጻፈ ነገር ካለ ሁለት ዓመት ከሜዳ የራቀው ልጅ በ15 ዓመቱ ሲመለስ ከዜሮ አይጀምርም። ካልተጻፈ፣ ያ ልጅ በመራጩ ዓይን ተወልዶ አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ከራሳቸው ከአሰልጣኞቹ ይመጣል፦ «የኳስ ልጅ በዓይን ይታወቃል፤ ወረቀት አያስፈልገውም።» በዓይን ይታወቃል፣ እውነት ነው። ጥሩ ዓይን ያለው አሰልጣኝ እንዳለም አይካድም። ዓይኑ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ግን በምንድን ነው? ማሳያው ካልተጻፈ ጥሩ ዓይንና መጥፎ ዓይን እኩል ደመወዝ ይበላሉ። ይህች አገር «እናስታውሰዋለን» ብላ የከፈለችውን ዋጋ ደግሞ ረስታው ከሆነ፣ ሰኔ 2005ን መጥቀስ ይበቃል። ብሔራዊ ቡድኑ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም፣ ወይም የጻፈውን ማንም አላየውም። ፊፋ ውጤቱን ገልብጦ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። ያኔ እንደ ዕድል ሆኖ ቡድኑ ምድቡን አልፎ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ደረሰ። በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር ያቃተው አሠራር የውርጌሳን ልጅ በዓይኑ ያስታውሳል ብሎ የሚያምን ይመን።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በየወረዳው የታዳጊ ፕሮጀክት ይዘው የሚሠሩ አሰልጣኞች አብዛኞቹ በትንሽ አበል፣ አንዳንዴም ያለ አበል፣ በሁለት ኳስ አርባ ልጅ የሚያሠለጥኑ ናቸው። ጣት የሚቀሰርባቸው እነሱ አይደሉም። ያሠለጠኑት ልጅ ወደ ክለብ ሲሄድ ስማቸው የሚጠራበት ወረቀት የሌላቸው፣ «እገሌ ነው ያገኘው» ሲባል የሚሰሙ እነሱ ናቸው። ደብተሩ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእነሱ ነው።

ገንዘብም አለበት። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ከአንድ አገር ፌዴሬሽን ወደ ሌላው በክፍያ ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የሥልጠና ካሳ የሚባልም ሌላ አለ። አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ እንደታየው መንገዱ ጠባብ ቢሆንም ተከፍቷል። ነገ ከሐብሩ አንድ ልጅ ቢሄድ ግን መርሳ ምን ታገኛለች? ልጁ በ12 ዓመቱ በየትኛው ክለብ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ነገር ፌዴሬሽኑ ዘንድ ከሌለ ምንም። ብሩ መዝገብ ወዳለው ይሄዳል። የወረዳው ቡድን በክለብነት ተመዝግቦ የልጆቹን ስም በየዓመቱ ማስገባቱ ወጪው የታክሲ ያህል ነው።

የሴቶቹን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ብዙ ሰው አይወድም። ለወንዶቹ ሃያ ደቂቃ ካለ ለሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የለም። ሎዛ አበራ ከከምባታዋ ዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች፤ ከመርሳ የምትነሳዋ ልጅ ግን መጀመሪያ «ሙከራ አለ» የሚላት ያስፈልጋታል። የወንዶቹ ሰልፍ እስኪያልቅ ሜዳ ዳር ቆማ ኳስ የምታቀብል ልጅ በየሜዳው አለች። እሷንም የሚጽፋት የለም።

ምን ይጻፍ ቢባል ብዙ አይደለም። የልጁ ስም፣ የልደት ቀኑና ቀኑ ከየት እንደተገኘ፦ ከምዝገባ ወረቀት፣ ከክትባት ካርድ፣ ከክርስትና ቀን ወይስ ከግምት። «ግምት» ተብሎ መጻፉ አያሳፍርም፤ ግምቱን እውነት አስመስሎ መጻፍ ነው የሚያሳፍረው። ቆሞና ተቀምጦ ያለው ቁመት በየስድስት ወሩ፣ ምክንያቱም በፍጥነት እያደገ ያለውና ማደግ የጨረሰው የሚለዩት በዚያ ነው። በስንት ጨዋታ ታየ፤ ከሦስት በታች ከሆነ ውሳኔ የለም። ምን ይችላል፣ ምን ይጎድለዋል። ማን መረጠው ወይም ማን ጣለው፣ በፊርማ። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ የሚያስጮኸውም እሱ ይሆናል። የዞኑ ስፖርት መምሪያ ማድረግ ያለበት ፊርማ የሌለበትን የታዳጊ ቡድን ዝርዝር አለመቀበል ብቻ ነው። ወልድያ ያለው ክለብም ሙከራ ሲያወጣ የተመረጡትንና የጣላቸውን ዝርዝር ከነምክንያቱ ለየወረዳው ይላክ፤ የወደቀው ልጅ በምን እንደወደቀ አውቆ ወደ ቤቱ ይመለስ።

ደብተሩ በሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በወላጅ እጅ። በ2014 በየቢሮው የነበረው ወረቀት ሲበተን፣ ሲቃጠልና ሲዘረፍ፣ እናቶች ከክትባት ካርድና ከመሬት ደብተር ጋር በሻሽ ጠቅልለው ይዘው የሸሹት ወረቀት ነበር የተረፈው።